የእህቴ ሦስተኛ የጥርስ ሽፋን

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ለጉራ አይደለም እንዲህ የምለው። መጀመሪያ የሰማ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ነበረበት፤ እኔ ግን ቀልጄበት ነው ያለፍኩት።

የኔና የእህቴን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የችፑድ ግድግዳ ነው። እሷ ስታስነጥስ እኔ ከዚህ ማዶ «ይማርሽ» እላለሁ፣ እሷም ከዛ ማዶ «ያኑርህ» ትላለች። እንደዛ ነው ቅርበታችን። እና አንድ ሌሊት ከዛ ማዶ ክርርር... ክርርር የሚል ነገር ሰማሁ። አይጥ መሰለኝ። ጫማ ወርውሬ ችፑዱን መታሁት፣ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ክርርር።

ጠዋት ቁርስ ላይ፣ «አንቺ፣ ድንጋይ ስትቆረጥሚ ነው እንዴ ያደርሽው?» አልኳት።

«ያንተን ጭንቅላት ነው» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «አልሰበር ብሎኝ።»

እንዲህ ነበረች ያኔ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን የአርባ ዓመት ነው። ጥርሳችን ደረሰ ወይ እያሉ አባዬ ጋ የሚመጡትን ሽማግሌዎች በሙሉ አስመስላ ትናገራለች። ጥርስ ሳይኖራቸው «ስሚማ ልጄ» ሲሉ፣ ጥርስ ገብቶላቸው «ስሚማ ልጄ» ሲሉ፣ ከዛ መሀል ላይ ጥርሱ ሲወልቅባቸው። እማዬ ስቃ ስቃ ሆዷን ትይዛለች።

አባዬ ግን የኔን ጥያቄ እንደሰማ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ዶክተሬ፣ ነይ እስቲ መስኮቱ ጋ።»

ዶክተሬ ማለት እህቴ ናት። ስም አላት፣ ግን ማንም አይጠራበትም። ስድስት ዓመቷ እያለ የአሻንጉሊቷን አፍ በማስቲካ ጥርስ ሞላችላት፣ በቃ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ዶክተሬ ሆና ቀረች። ጎረቤቱም ዶክተሬ፣ ባለሱቁም ዶክተሬ፣ እኔም ስጣላት እንኳን «አንቺ ዶክተሬ!» ብዬ ነው የምጣላት።

አባዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የሚሠራው። ሐኪም አይደለም። ይቺ «አይደለም» ቤታችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አላት። ሐኪሞቹ የሰውየውን መንጋጋ ቅርፅ ይልኩለታል፣ እሱ ጀሶ ይሞላበታል፣ ጥርስ ይደረድርበታል፣ ያለሰልሳል፣ መልሶ ይልካል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ። ግን ሰው አፍ ውስጥ ጣቱን ማስገባት አይፈቀድለትም። ጥርሱ አልገጥም ቢል «ቆይ እኔ ልየው» አይልም፤ ሐኪሙ «ግራውን ትንሽ ቀንስ» ብሎ በወረቀት ይልክለታል፣ እሱም ይቀንሳል። ስንት ጊዜ ወረቀቱ ተሳስቶ እሱ ልክ እንደነበረ እኔ ነኝ የማውቀው። ምን ዋጋ አለው። ስለዚህ ከልጆቹ አንዱ ሐኪም እንዲሆንለት ፈለገ። መጀመሪያ የታሰብኩት እኔ ነበርኩ፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ወደቅኩ፣ ይኸው አሁን ከሱ ጋር ጀሶ እበጠብጣለሁ። አንድም ቀን በዚህ ሰድቦኝ አያውቅም፣ እውነቴን ነው። እሷ ስታጠና ግን አጠገቧ ይቆምና ጭንቅላቷን ዳሰስ አድርጎ «አንቺ ነሽ የቀረሽኝ» ይላታል። ቀስ ብሎ ነው የሚለው፣ እንደ ምርቃት።

መስኮቱ ጋ አፏን አስከፈታት። አባዬ ጥርስ ያነባል፣ ሙት! የጀሶ ቅርፅ ብቻ አይቶ «ይሄ ሰውዬ ፒፓ ያጨሳል»፣ «ይቺ ልብስ ሰፊ ናት፣ ክር በጥርሷ ነው የምትበጥሰው» ይላል፣ ሲጠየቅ ልክ ነው።

«ይሄ የሃምሳ ዓመት ሴትዮ ጥርስ ነው» አለ። «ጫፉ አልቋል እኮ! ምንድነው የምትፈጪው አንቺ?»

«ኬሚስትሪ» አለች፣ አፏ እንደተከፈተ።

ሳቅን። ሁላችንም ነው የሳቅነው።

ሌላ ቤት ቢሆን ምናልባት «ምን ሆነሽ ነው?» ይባላል። እኛ ቤት ጥርስ ካለቀ ሽፋን ይሠራለታል፣ አለቀ። አባዬ የዛኑ ቀን ያንን ሊጥ የመሰለ ሮዝ ነገር በጥብጦ በብረቱ ማንኪያ አፏ ውስጥ ከተተው። የልጁ አፍ ነዋ፣ ማንም አይከለክለውም። ቅርፁን ወሰደ፣ ጀሶ አፈሰስኩበት፣ ሲደርቅ ከሥሩ በእርሳስ «ዶክተሬ» ብሎ ጽፎ መደርደሪያው ላይ ከደንበኞቹ መንጋጋ መሀል አስቀመጠው። ሽፋኑን ደግሞ እንደ ፈረስ ጫማ አድርጎ፣ እንደ መስታወት የጠራ አድርጎ ሠራው። ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። አምሮ ነበር ስላችሁ።

ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዛ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ የኋላ ጥርሶቹ ጋ ተበስቷል።

አባዬ ወደ መብራቱ አንስቶ አገላብጦ አየው። «ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ጉልበት ከየት መጣ?» አለ። ኩራት ቢጤም ነበረበት።

ፈተናው አራት ወር ቀርቶት ነበር። ፍሪጁ ላይ እማዬ በማስመሪያ ያሰመረችው ፕሮግራም ተለጥፏል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል መነሳት፣ ሒሳብ፣ ትምህርት ቤት፣ አስጠኚ፣ ባዮሎጂ፣ «ዕረፍት 15 ደቂቃ፣ ሽንት ቤትን ጨምሮ።» ይቺን የመጨረሻዋን እማዬ ለቀልድ ነው የጻፈቻት። ግን ማንም አልሰረዛትም።

እማዬ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፣ የሐኪሞችን ነጭ ጋዋን ትተኩሳለች። ለእህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ትንሽ ጋዋን ሰፍታላታለች፤ በሯ ጀርባ ተሰቅሎ ነው የኖረው። ባደገች ቁጥር እየፈታች ታሰፋዋለች። ዘንድሮ ስትለካት ሰፋት። ትከሻው ወረደ፣ ወገቡ ተንዘረፈፈ።

«አይ፣ ቀጠንሽ» አለችና በሁለት በኩል መርፌ ሰክታ አጠበበችላት።

በቃ። አጠበበችላት።

እህቴ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ራሷን ያማት ጀመር። የሙከራ ፈተና ባለ ቀን ጠዋት ታስመልሳለች። አንድ ቀን እስክሪብቶ ቀለም አልቆባት፣ እስክሪብቶ እኮ ነው፣ መሬት ተቀምጣ ግማሽ ሰዓት አለቀሰች። ሌላ ቀን እማዬ ማንኪያ ስለጣለች ጮኸችባት፣ ከዛ የጮኸችው ራሷ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች። እኛ ምን አልን? «ፈተናው እስኪያልፍ ነው።» ይሄን እኔም ብያለሁ።

አንዴ ወርክሾፕ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የማለስለሻውን ሞተር አጠፋሁላት።

«አንተ ስትወድቅ ምን ተሰማህ?» አለችኝ።

«ረሃብ» አልኳት። «ውጤቱን ያየሁት ከምሳ በፊት ነበር።»

«የምሬን ነው።»

«የምርሽን ከሆነ... ሦስት ቀን አለቀስኩ። ከዛ አባዬ ሽርጥ ሰጠኝ።»

«አንተ ወድቀህ እኔ ነበርኩ» አለች። «እኔ ከወደቅኩ ማን አለ?»

«አትወድቂማ፣ ዶክተሬ አይደለሽ?» አልኳት። ደህና ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ሞተሩን መልሼ አበራሁ።

ሁለተኛው ሽፋን ወፈር ያለ ነበር። ስታደርገው አፏ አልዘጋ አላት። ፊቷ አብጦ፣ ከንፈሯ ተወጥሮ፣ አባዬን እያየችው እንዲህ አለችው፦

«አባዬ፣ የረበሸህ ድምፁ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

«ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም እኮ ዶክተሬ» አላት። ግድ የሌለው እንዳይመስላችሁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የሚወዳትን ያህል ማንንም አይወድም። «ይሄ አንዴ ካለቀ አለቀ ነው። እኔ ይሄን ስንት ዓመት አይቻለሁ።»

ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ከጠንካራው ፕላስቲክ ሠራው፣ ሁለት ቀን ፈጀበት፣ ለደንበኛ እንኳን እንደዛ አይጠበብም። ሰጣት፣ አመሰገነችው፣ ወሰደችው።

እና ድምፁ ቆመ።

መጀመሪያ አላመንኩም። ጆሮዬን ችፑዱ ላይ ለጥፌ ሁሉ ሰምቻለሁ። ምንም የለም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ጸጥ። ቀን ቀን ደግሞ ሌላ ልጅ ሆነች። አትጮህም። አትከራከርም። «ሰሃን እጠቢ» ስትባል ታጥባለች፣ «ብይ» ስትባል ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ለእናቷ እኮ ነው እግዜር ይስጥልኝ የምትለው! ባለቀለም እስክሪብቶዎቿን በሙሉ ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። «አደገችልኝ» አለች እማዬ። እኔም ቤቱ ሰላም በመሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ሽማግሌዎቹን ማስመሰል እንደተወች እንኳን ልብ አላልኩም።

አባዬ በወሩ ሽፋኑን አስመጥቶ አጉሊ መነጽሩን አድርጎ አየው። አንድ ጭረት የለበትም። እንደሰጣት ነው።

«ዳነች!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። «አያችሁ? ዳነች!»

በሳምንቱ አንዲት የጥርስ ሐኪም መጣች። አባዬ ብዙ ሥራ የሚቀበለው ከሷ ነው፤ ወረቀት ከምትልክ ራሷ ብቅ የምትል ብቸኛ ሐኪም እሷ ናት። ያልገጠመ የአንድ ሰውዬ ጥርስ ይዛ ነበር የመጣችው። አባዬ የሰውየውን ጥርስ ወዲያ ብሎ የእህቴን ሽፋን ከነጀሶው አውጥቶ አሳያት።

«ይሄውልዎት ዶክተር! ሁለት የበሳች ልጅ፣ ሦስተኛው ላይ ምልክት እንኳን የለም።»

ሐኪሟ ተቀብላ አየችው። «በጣም ቆንጆ ሥራ ነው ጋሼ። ምን ተገኝቶ ነው ጥርስ ማፋጨቷ የቆመው?»

«ሽፋኑ ነዋ!»

«ሽፋን ጥርሱን ነው የሚጠብቀው። ማፋጨቱን አያስቆምም፣ እርስዎም ያውቁታል።»

አባዬ ያውቀዋል። ስንት ሰው ሽፋን ሠርተንለታል፣ ምልክት የሌለው ተመልሶ መጥቶ አያውቅም።

«ፈተናው አለፈላት?»

«ገና ነው። አምስት ሳምንት አለው።»

«ታዲያ ምን ቀለላት?»

ሞተሩ ጠፍቷል፣ ጀሶው እየደረቀ ነው። ወደኔ ዞረች። «ትበላለች?»

«ትንሽ።»

«ትስቃለች?»

መቼ ነው የሳቀችው? ወደኋላ ቆጠርኩ፣ ቆጠርኩ። ኬሚስትሪ ያለች ቀን ላይ ደረስኩ።

«ይሄ የኔ ሙያ አይደለም፣ እኔ የጥርስ ነኝ» አለች ሐኪሟ። «ግን ጭንቀት ልጆች ላይ ሲበዛና ሲቆይ ሁልጊዜ እየጮኸ አይቀጥልም። ሲታገሉት ሲታገሉት ይደክማቸውና ይተዋሉ። የዳነ ልጅም ዝም ይላል፣ የተወ ልጅም ዝም ይላል፤ ከውጭ አንድ ነው የሚመስለው። ለሚያውቅ ሰው ያሳይዋት ጋሼ። ዛሬ ነገ አይበሉ።»

«ልጄ እብድ አይደለችም» አለ አባዬ።

«እብድ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።» ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ የሆነ ክሊኒክ ስልክ ጻፈችና ወረቀቷን ከሽፋኑ ሥር አስቀመጠች። የሰውየውን ጥርስም ትታ ሄደች።

አባዬ ወረቀቷን አልነካትም። የሰውየውን ጥርስ አንስቶ መሞረድ ጀመረ። እኔ ሽርጤን አውልቄ ወጣሁ፣ እጄን እንኳን አልታጠብኩም። መለቀቂያ ሰዓት ስለነበር ትምህርት ቤቷ በር ሄጄ ቆምኩ። ልጆቹ ወጡ፣ ወጡ፣ አለቁ። ዘበኛውን ጠየቅኩት።

«ዶክተሬን ነው?» አለኝ። እሱም ዶክተሬ! «ከመጣች ሁለት ሳምንት ሊሆናት ነው እኮ። አሟታል ብዬ። ደግሞ ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ ላይ አያታለሁ። እዚህ ይቆማል፣ እሷ አትወርድም።»

ፌርማታው ላይ ቆምኩ። አንድ አውቶቡስ አለፈ፣ ሁለተኛ አለፈ። ሦስተኛው ላይ ከኋላ ወንበር፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ዘልዬ ገባሁ። ትኬት ቆራጩ እሷን እያየሁ መሄዴን አይቶ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

«ዘመዷ ነህ?»

«ወንድሟ ነኝ።»

«እሰይ። ዛሬ አምስተኛ ዙሯ ነው። መጨረሻው ጋ ስንደርስ ‹ውረጂ እህቴ› እላታለሁ፣ ደግሞ ሌላ ትኬት ትቆርጣለች። በመስኮት እንኳን አታይም እኮ። ፈራሁ እኔ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዞር ብላ አየችኝ፤ አልደነገጠችም። ያ ነው ያስፈራኝ። የተያዘ ሰው ይደነግጣል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አለች። ድምጿ ጠፍጣፋ ነው፣ መንገድ እንደምትጠቁም። «በፊት ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር፣ ልቤ ይመታ ነበር፣ ሁልጊዜ ሰዓት ያለቀብኝ ይመስለኝ ነበር። ያኔ የሚነገር ነገር ነበረኝ። አሁን ምንም የለም። ባልፍም ብወድቅም እኩል ነው። እማዬ ብትስቅም ብታለቅስም እኩል ነው። አንተ አሁን መጥተህ አጠገቤ ስትቀመጥ ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ። ግን አይመጣም።»

አውቶቡሱ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። መጠየቅ የነበረብኝን ነገር አፌ ላይ ይዤው ሁለት ፌርማታ ሄድኩ። ከበደኝ።

«መሞት ታስቢያለሽ?»

«እንደዛ አይደለም» አለች። «ጠዋት ባልነቃ ነው የማስበው። እንዲሁ ባልነቃ። ማንንም ሳላስቸግር።»

እጅጌዋን ያዝኩ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ አልለቀቅኩትም። ስንወርድ ሳየው ጀሶ የነካው ጣቴ ሹራቧ ላይ አምስት ነጭ ምልክት ሆኖ ታትሟል። አላራገፈችውም።

እማዬ የሰማችው ቆማ ነው፣ ሥራ ቦታ የተኮሰችውን ልብስ ሽታ ይዛ ገና በር ላይ። ሮጣ እህቴ ክፍል ገባች። የምትሠራው ነገር ፈልጋ ይሁን አላውቅም፣ ጋዋኑን ከበሩ ጀርባ አወረደችው፣ ከዛ የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ይዛው ቆማ ቀረች። አባዬ «አውቶቡስ? ሁለት ሳምንት?» ብቻ ነው ያለው። ወርክሾፕ ገባ። ተከትዬው ገባሁ። የጀሶ ቅርጿን አውርዶ፣ ሽፋኑን አልብሶት፣ አውራ ጣቱን በላዩ እያመላለሰ ነበር። ያንን የጠራ፣ የለሰለሰ፣ ምንም የሌለበትን።

«ምልክት የለውም» አለኝ። «አላነበብኩትም እኮ።»

ወረቀቷን አነሳና ደወለ።

ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አራታችን በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። ሌሎችም ብዙ ሰዎች ነበሩ፣ ማንም ማንንም አያይም። እህቴ ከኔና ከአባዬ መሀል ናት። እዚህ ድረስ ስንጎትታት አልተቃወመችም፤ «እሺ» አለች፣ ጫማዋን አደረገች፣ መጣች። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ብትቃወም ነበር ደስ የሚለኝ።

ፎርም ሰጡን። አባዬ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሙላት ጀመረ። የመጀመሪያው መስመር ስም ይላል። እጁ ዝም ብሎ ሄደ፣ አሥር ዓመት የለመደው እጅ ነዋ፣ መደርደሪያው ላይ እንዳለው ጀሶ «ዶክተሬ» ብሎ ጻፈ። ቆመ። አየው። ከዛ ሰረዘው፤ አንዴ፣ ከዛ ደግሞ በላዩ ላይ አንዴ፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ትንሽ ሲቀረው።

እሷ እያየችው ነበር።

«ይቅርታ አባዬ» አለችው።

ክርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያወቅኩት ድምፅ ነው። ዞሬ አየኋት፣ መንጋጋዋ አልተንቀሳቀሰም። የአባዬ ጉንጭ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ትክክለኛ ስሟን ከሥር አጠጋግቶ ጻፈና ፎርሙን እማዬ ወስዳ ሰጠች። ጠበቅን። ነርሷ በሩን ከፍታ ወረቀት እያየች የሆነ ስም ጠራች። ማንም አልተነሳም። ሰዎቹ ቀና ቀና አሉ፣ እኔም ማን ይሆን ብዬ ዙሪያውን አየሁ፣ እማዬም ወደ በሩ አንገቷን ሰገግ አድርጋ የምትነሳውን ልጅ ፈለገች። ነርሷ ደግማ ጠራች፣ አሁን ጮክ ብላ፣ ከነአባቷ ስም።

የአባቷን ስም ስሰማ ነው አባዬን ያየሁት። እሱም እኔን አየኝ።

እህቴ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ሹራቧን ወደታች ጎተተች።

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አለች።